ከመኪናው አልወጣም ያለው ሲዲ

መኪናዋን የሸጠልኝ ሰውዬ ዌስት ፉትስክሬይ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ከቤታችን ሦስት መንገድ ዝቅ ብሎ ይኖር ነበር። ቤቱን ለቆ ወደ ሌላ ግዛት ሊሄድ ዕቃውን እያሰረ ስለነበር ተቻኩሏል። ቢሆንም ሐቀኛ ሰው ነበርና ጉድለቷን ሁሉ ነገረኝ። የኋላ መስኮቷ በእጅ ካልተደገፈ አይዘጋም። በብርድ ጠዋት ለመነሳት ታስለምናለች። የሲዲ ማጫወቻዋ ደግሞ አንድ ሲዲ ውጦ አልመልስም ብሏል፤ ሬዲዮውም ከዚያ ወዲህ አይሠራም።

«ወይ እሱን ትሰማለህ፣ ወይ በዝምታ ትነዳለህ» አለኝና ሳቀ።

ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁትም። እኔ የምፈልገው ከከተማው ወዲያ ጫፍ፣ ዳንደኖንግ አድርሳ የምትመልሰኝ መኪና ነበር። እዚያ የቢሮ ወንበርና ጠረጴዛ የሚገጣጠምበት ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። በባቡር ስሄድ ከተማው መሀል ወርጄ ሌላ ባቡር መያዝ ነበረብኝ፤ አንዱ ከዘገየ ሁለተኛው ያመልጠኛል። በመኪና ግን ዌስት ጌት ድልድይን ተሻግሬ ሞናሽ ፍሪዌይን ከያዝኩ፣ መንገዱ ካልተዘጋ በቀር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ እደርሳለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በዝምታ ነዳሁ። ዘፈን የምሰማ ሰው አልነበርኩም። ያደግሁት ከምባታ ነው። አፌን የፈታሁት በከምባትኛ ነው፤ አማርኛን የለመድኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። አባቴ በቤተ ክርስቲያናችን ካሉት ሽማግሌዎች አንዱ ስለነበር በቤታችን መዝሙር እንጂ ዘፈን አይሰማም። ጎረቤት ሠርግ ሲኖር እኔና ወንድሜ አጥር ተደግፈን ስናዳምጥ ያገኘን እንደሆነ፣ ሳይቆጣ እጃችንን ይዞ ወደ ቤት ይመልሰን ነበር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ለነፍሳችን ሰግቶ ነው። ካደግሁም በኋላ፣ አዲስ አበባ ገብቼ ሚስት አግብቼም፣ እዚህ ከመጣሁም ወዲያ፣ ሙዚቃ ለእኔ ሰው ቤት ስሄድ ከጀርባ የሚጮኽ ነገር ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ ፍሪዌዩ ላይ አንድ የጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱ ተዘጋ። አንዲት ጎማ ሳትንቀሳቀስ ረጅም ሰዓት ቆምን። የስልኬ ባትሪ አልቋል። ከመሰልቸቴ የተነሳ እጄን ሰድጄ የሲዲ ማጫወቻውን ቁልፍ ተጫንኩት።

መጀመሪያ የሰማሁት አራት ጊዜ የተመታ እንጨት ነው። ከዚያ ጊታሩ ገባ። የተቆጣ ሰው ድምፅ ነበረው፤ ሻካራ፣ ጫፉ የተቀደደ። ደንግጬ ድምፁን ቀነስኩት። በቀኝና በግራዬ የቆሙት ሾፌሮች የሰሙብኝ መሰለኝ። ቀና ብዬ ሳይ ግን ሁሉም በየራሱ ሐሳብ ተቀምጧል፤ ማንም አላየኝም። ቀስ ብዬ መልሼ ከፍ አደረግሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ስሄድም ስመለስም እሱን ሰማሁ። አልበሙ አሥር ዘፈን አለው፤ ርዝመቱም ከመንገዴ ጋር ይቀራረባል። ሦስተኛው ዘፈን ድልድዩ አናት ላይ ያገኘኛል፤ ወደቡና ክሬኖቹ ከታች ተዘርግተው፣ ጊታሩ በድራሙ ላይ ሲንጠራራ። አራተኛው ላይ ሶሎውን ሲጫወት ጣቱ ያዳልጠዋል። ግልጽ ስህተት ነው፤ ሙዚቃ የማላውቀው እኔ እንኳ ለይቼዋለሁ። እሱ ግን አይሸሸውም። ወዲያው ተመልሶ ያንኑ የተሳሳተ ድምፅ ሆን ብሎ ይደግመውና ከእዚያ ላይ አዲስ መንገድ ያወጣለታል። ስድስተኛው ቃል የለውም። ዝግ ያለ ነው። አንድ ድምፅ ይይዝና ክሩን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ድምፁ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ሊደርስ ሲል ይተወዋል። ይጠብቃል። እኔም አብሬው እጠብቃለሁ። አንድ ቀን በዚህ ጥበቃ ላይ ሳለሁ የምወጣበትን መገንጠያ አልፌው ሄጄ ከሥራ ዘገየሁ።

የሚዘፍነውን እንግሊዝኛ አልያዝኩትም፤ ቃላቱን አኝኮ ነው የሚያወጣቸው። ማን እንደሆነም አላውቅም ነበር። ሲዲው ያለው መኪናዋ ሆድ ውስጥ ነው፤ ሽፋኑን ያ ሰውዬ ይዞት ሄዷል። በሐሳቤ ግን አንድ ወፍራም፣ ጢሙ የሸበተ፣ ብዙ መከራ ያየ ሽማግሌ ሥዬ ነበር።

የምሰማው ነገር ምን እንደሚባል የነገሩኝ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ጋሼ ናቸው። ወጣት ሳሉ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ትራምፔት ይነፉ ነበር። በስደት ሱዳን ከርመው እዚህ ከገቡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ረቡዕ ረቡዕ ሽፍት ስለሌለኝ ለጉልበታቸው ሕክምና የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ። እሳቸው ሲገቡ ሁልጊዜ ሙዚቃውን እዘጋለሁ። አንድ ረቡዕ ረሳሁትና ሞተሩን ሳስነሳ ስድስተኛው ዘፈን ከመሀሉ ቀጠለ።

«ይቅርታ ጋሼ» ብዬ እጄን ሰደድኩ።

«ተወው እንጂ! ምን አረገህ?»

መብራት እስኪይዘን ድረስ አዳመጡ። ዱላቸውን በሁለት ጉልበታቸው መሀል አቁመው፣ ጣታቸውን እጀታው ላይ ያንቀሳቅሳሉ።

«ማነው?» አሉኝ።

«አላውቀውም ጋሼ። ከመኪናዋ ጋር የመጣ ነው።»

«ከመኪናዋ ጋር የመጣ!» ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። «ጥሩ ጎማ ይዛ ብትመጣ ይሻልህ ነበር። ይሄም ግን አይከፋም። ብሉዝ ነው፤ ሮክ የተቀላቀለበት ብሉዝ። ለመሆኑ አንተ ምኑን ነው የምትሰማው?»

«ጊታሩን ነዋ።»

«ጊታሩንማ ማንም ይሰማዋል፤ ራሱ ስሙኝ እያለ ነው የሚጮኸው። ቤዙን ስማ። ከሥር ረጋ ብሎ የሚሄደውን። እሱ ባይኖር ይሄ ጊታር የሚያርፍበት አልነበረውም። ደግሞ ባዶ የሚተዋቸውን ቦታዎች ልብ በል። እኛ ዘንድ ዝም በሚባልበት ቦታ የነፋ ሰው ቢገኝ፣ አለቃችን ያን ቀን ምሳ አያበላውም ነበር።»

«የእኛን ቅኝት ይመስላል ልበል?»

«አምስት ድምፅ ላይ ነው የሚዞረው። የእኛም አምስት ነው። ለዚህ ይሆናል ጆሮህ ያልገፋው። ግን ዘመዳሞች ናቸው ብለህ ሰው ፊት እንዳትናገር፤ ተጫውተህ አሳየን ይሉሃል።»

ክሊኒኩ በር ላይ አቆምኩ። ዘፈኑ አላለቀም ነበርና ጋሼ አልወርድም አሉ። ቀጠሯቸው እያለፈ መሆኑን ብነግራቸው ቆይ ብለው እጃቸውን አነሱብኝ። ሲጨርስ ብቻ በሩን ከፈቱ። እንግዳ ተቀባይዋ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብላ ስታይ፣ እሳቸው በአማርኛ «ሙዚቃ ይዞን ነው እናቴ» ብለዋት አለፉ።

ከዚያ ወዲህ መንገዴ ተለወጠ። ለሁለት ሳምንት ያህል ቤዙን ብቻ ለመስማት ሞከርኩ። መጀመሪያ ላይ እንደ ሞተር ድምፅ ይጠፋብኝ ነበር። በኋላ ግን አንድ ጠዋት፣ ድልድዩን ስሻገር፣ ብቻውን ወጥቶ ተሰማኝ። ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው ሌሎቹን ተሸክሞ የሚራመድ ይመስል ነበር። ለካ በየቀኑ እዚያው ነበረ።

በዚያው ሰሞን አንድ ነገር አደረግሁ፤ አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛል። ዳንደኖንግ ፋብሪካው በር ላይ መኪናዋን አቁሜ ሳለሁ አባቴ ከአገር ቤት ደወለ። ሙዚቃውን ሳልዘጋ ነበር ስልኩን ያነሳሁት።

«ምንድነው የሚጮኸው?» አለኝ።

«የሥራ ቦታ ማሽን ነው አባባ» አልኩት። ልጆች የወለድኩ፣ ፀጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ። ግን አጥር ሥር የተያዝኩ ልጅ ሆኜ ዋሸሁ። አባቴ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ።

ልጄ መንዳት መማር ስትጀምር መኪናዋ የሁለታችን ሆነች። እዚህ አገር ወጣት ተማሪ ፈተና ከመውሰዱ በፊት መቶ ሃያ ሰዓት ነድቶ ሎግ ቡክ የሚሉት መዝገብ ላይ ማስመዝገብ አለበት፤ አጠገቡም መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ይቀመጣል። እኔ ነኝ እንግዲህ። ቅዳሜና እሁድ ነጂዋ ተማሪ መሆኗን የሚያሳየውን ኤል ፕሌት ከፊትና ከኋላ እንለጥፍና እንወጣለን። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲሁ ነው የምንግባባው።

«ዳድ፣ ይሄን ሰውዬ ስንት ጊዜ ነው የምንሰማው?» አለችኝ በሁለተኛው ሳምንት።

«ሌላ የለንም።»

መኪናዋን አቆመችና ስልኳን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋች። አሥር ሰከንድ አልፈጀባትም። ስሙን፣ የአልበሙን ስም፣ ፎቶውን አሳየችኝ። ያ ወፍራም ሽማግሌዬ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ አልበሙን ሲቀዳ ገና የሠላሳ ዓመት ወጣት ነበር። የባንክ ሠራተኛ ይመስላል። የዘፈኖቹንም ቃል እያነበበች ተረጎመችልኝ። አንደኛው ላይ ሴትዮዋ ጥላው ሄደች ነው የሚለው። ሦስተኛው ላይም እንዲሁ። ሰባተኛው ላይ ተመለሰች፣ ስምንተኛው ላይ ደግሞ ሄደች።

«በቃ ይሄ ነው?» አልኳት።

«በቃ ይሄ ነው» አለችና ከት ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ትንሽ ግን ቅር አለኝ፤ ቃላቱን ሳላውቅ ብዙ ነገር የነገረኝ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ወደ ሥራ ስሄድ ደግሜ ሰማሁት። የነገረኝ አሁንም አለ። ያ ነገር ከመጀመሪያውም ቃላቱ ውስጥ አልነበረም።

አንድ እሁድ ትሩጋኒና ሄድን። እዚያ ገና ሰው ያልገባባቸው አዳዲስ ቤቶችና ሰፋፊ መንገዶች ስላሉ ለልምምድ ይመቻል። ልጄ ጥሩ እየነዳች ነበር። አንድ አደባባይ ላይ ስትደርስ ግን ከቀኝ የሚመጣውን ቫን ሳታይ ገባች። መሪውን ያዝኩና ጮኽኩ። ቫኑ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈን፤ ምንም አልተነካካንም። እኔ ግን አላቆምኩም።

«ዓይን የለሽም? ሰው ልትገድዪ ነው? አንቺ መንዳት አትችዪም!»

ፍሬቻ አሳይታ፣ ዳር ይዛ፣ በሥርዓቱ አቆመች። ሞተሩን አጠፋች። የእጅ ፍሬኑን ሳበች። ከዚያ በሩን ከፍታ ወርዳ ሄደች። ከመንገዱ ወዲያ አዲስ የተቆፈረ ትንሽ ኩሬ ነበር፤ ዳሩ ላይ ካለው አግዳሚ ሄዳ ተቀመጠች።

እኔ መኪናው ውስጥ ቆየሁ። የተቆጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ፈርቼ ነው። ስረጋጋ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ኩሬው ላይ ሁለት ዳክዬዎች ነበሩ።

«ዳድ፣ አጥፍቻለሁ። አውቃለሁ» አለች ዳክዬዎቹን እያየች። «ግን ስትጮህብኝ እጄ ይደርቃል። ከዚያ ሌላ ስህተት እጨምራለሁ።»

ጠጠር አንስቼ ኩሬው ውስጥ ጣልኩ።

«ያ ሰውዬህ አራተኛው ዘፈን ላይ ሲሳሳት ትስቃለህ። አንድም ቀን ሳትስቅ አልፈኸው አታውቅም። እስኪያስተካክለው ድረስ ትጠብቀዋለህ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እኔን አትጠብቀኝም።»

ይቺን የመጨረሻዋን በአማርኛ ነበር ያለችው።

እሱ ሲሳሳት ቫን አይመጣበትም ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። እውነቷን ነበር። መሪውን ስይዝባት የምታስተካክልበትን ጊዜ ነጥቄያት ነው፤ ቫኑ ካለፈ በኋላ መጮኼ ደግሞ ለማንም አልጠቀመም።

«ይቅርታ፣ ልጄ» አልኳት። ለልጅ ይቅርታ ማለት ያደግሁበት ነገር አይደለም። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። እሷ ግን ብዙም አልተደነቀችም፤ ብድግ ብላ ቁልፉን እያሽከረከረች ወደ መኪናው ሄደች። ያንን አደባባይ ሦስት ጊዜ ዞርነው። ሦስት ጊዜም ወደ ቀኝ አየች። እኔ እጆቼን ጭኖቼ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው።

በዚያው ሳምንት አባቴ ጋ ደወልኩ። የጤናውን፣ የከብቱን፣ የወንድሜን ነገር ጠይቄ ጨረስኩ፤ ስልኩን ልዝጋ ብል ግን አልሆንልኝ አለ።

«አባባ፣ ያን ጊዜ የሰማኸው ማሽን አይደለም። ዘፈን ነበር።»

«አውቄያለሁ» አለ።

«እንዴት?»

«ማሽን መች ያዝናል?» አለና ጨመረበት፤ «ሰውዬው ምን ሆኖ ነው?»

«ሚስቱ ጥላው ሄዳ ነው።»

«ውይ» አለ አባቴ፣ ከልቡ። «እንጸልይለት።» እሺ አልኩት። ስለ ዘፈኑ ሌላ አላለኝም፤ እኔም ከዚያ በኋላ ከእሱ የደበቅሁት ነገር የለም።

ልጄ መቶ ሃያ ሰዓቷን ጨርሳ ፈተናውን ራሷ ቡክ አደረገች። በመጀመሪያው አለፈች። እኔም በዚያው ጊዜ ገደማ ቤታችን አጠገብ፣ በእግር የሚደረስበት መጋዘን ውስጥ ሥራ አገኘሁ፤ እሷ ደግሞ ትምህርቷ ከከተማው ወዲያ ማዶ ሆነ። መኪናዋን ሰጠኋት። መጀመሪያ ቀን ብቻዋን ስትወጣ በረንዳ ላይ ቆሜ አየኋት። ከግቢው ሳትወጣ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ሙዚቃውን ከፍታዋለች፤ አንደኛው ዘፈን ነበር። ምርጫ ስለሌላት ይሁን ወድዳው፣ አልጠየቅኳትም።

እኔ ግን ያለ እሱ ቀረሁ። ወደ መጋዘኑ ስሄድ የምሰማው የራሴን ጫማ ነው። ልጄ ስልክህ ላይ ላውርድልህ ብላኝ ነበር፤ ነገ ዛሬ ስል ቆየሁ። አንድ ቅዳሜ ግን ፉትስክሬይ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ፣ ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበት ኦፕ ሾፕ ውስጥ የሲዲውን ሳጥን ስቃኝ ያ ቀጭን መነጽራም ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝ። ሽፋኑ ሙሉ ነው፤ ውስጡ ትንሽ መጽሐፍ አለው። መጽሐፉ ላይ አራቱም ሙዚቀኞች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጠጋግተው የተነሱት ፎቶ ይታያል። ቤዝ የሚጫወተው ሰው እንዳሰብኩት ሰፊ ትከሻ የለውም፤ አጭርና ቀጫጫ ነው።

ቤት ወስጄ ሳሎን ያለው ማጫወቻ ላይ አደረግሁት። ሚስቴ ከሥራ ገብታ ነበር። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው፤ ስትመለስ የምትፈልገው ጸጥታ ነው። ይሄን ሙዚቃ መኪናው ውስጥ አልፎ አልፎ ሰምታዋለች፤ «ብረት ሲፋቅ» ነው የምትለው። ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ላይ ጋደም አለች፤ ዝጋው ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች መስሎኝ ድምፁን ዝቅ አደረግሁት። ስድስተኛው ደርሶ እያለቀ ሳለ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ቆይ፣ መልሰው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«መጨረሻውን። መልሰው።»

መለስኩት። ጊታሩ የመጨረሻዋን ድምፅ ገፍቶ ለቀቃት፤ ድምፁ ቀጥኖ ቀጥኖ ጠፋ።

«አሁን! ሰማኸው?»

አልሰማሁም። ሌላ ጊዜ መለስኩትና ጆሮዬን ማጉያው ላይ ለጠፍኩ። ድምፁ ከጠፋ በኋላ፣ ዘፈኑ ከመዘጋቱ በፊት፣ በጣም ትንሽ ነገር አለ። ቅርጥጥ የሚል።

«ወንበር ነው» አለች ሚስቴ። «ተቀምጦ ነው የተጫወተው። ሲጨርስ ወደ ኋላ ተደገፈ።»

ይሄን ዘፈን ስንት መቶ ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። ሁሌ ግን ሞተር እየጮኸ፣ ነፋስ በማይዘጋው መስኮት እየገባ፣ የጭነት መኪና ከጎኔ እያለፈ ነበር። ሰውዬው ተቀምጦ መጫወቱን፣ ሲጨርስ ደክሞት ወደ ኋላ መደገፉን ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ እሱንም ሙዚቃውን የማትወደው ሚስቴ ነግራኝ።

አራተኛ ጊዜ መለስኩት። አሁን ሁለታችንም አብረን ሰማነው። ሚስቴ እግሯን ሰብሰብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«የሚቀጥለውስ ምን ይላል?» አለችኝ።

«ተመለሰች» አልኳትና ሰባተኛውን ተውኩት፣ ይጫወት።